አራተኛዋ ጀልባ

ኩሬውን ልይ ብዬ፣ ባቡር ቀይሬ ስመጣ፣
«ውሃው የለም» አሉኝ፤ «ትናንት ሌሊት ወጣ።»
አራት መቶ ዓመታት ሰማይ ፊቱን ያየበት መስታወት
ሆዱን ገልጦ ተኝቷል ከጥር ብርድ ፊት ለፊት።

በየጥቂት ዓመቱ ቦዩን ከፍተው ያፈሱታል፤
ጭቃው እንዲተነፍስ ፀሐይ ያስመቱታል።
ዓሦቹ ለጊዜው ሰማያዊ ገንዳ ተከራይተዋል፤
አፍ ከፍተው አቤት ይላሉ፤ ማን ይሰማቸዋል?
የሰፈሩ ሰው ወርዷል፣ ቦት ጫማ እስከ ጭኑ አጥልቆ፣
ጡረተኛው፣ ተማሪው፣ የባንኩ ጸሐፊ ፈቃድ ጠይቆ፤
አንዲት ልጅ በመረብ ኤሊ ስታባርር ወደቀች፣
ተነሥታ፣ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ለጭቃው እጅ ነሣች።

የሚወጣው ወጣ፦ ስምንት ብስክሌት፣ የዛገ ዣንጥላ፣
ሰው ሠራሽ ጥርስ ከነሣጥኑ፣ የቤዝቦል ዱላ፤
ታጥቦ፣ ተቆጥሮ፣ ሣር ላይ ተሰለፈ፤
«ባለቤት ካለ ይቅረብ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

ከደሴቲቱ ጥግ፣ ከድንጋይ ድልድዩ በታች፣
አካፋ ጓ አለ፤ የጀልባ አፍንጫ ብቅ አለች።
ስምንት ሆነው ሳቧት፤ ጭቃው አልሰጥም አለ፣
እንደ ባለዕዳ ጎረቤት «ነገ፣ ነገ» እያለ።
ድንጋይ ተጭናለች፤ አሥራ አንድ፣ ልሙጥ፣ ሙልሙል፣
የጨው ፍጅል መጫኛ፣ ከወጥ ቤት የወጣ የሚመስል።
አጠቧት። ከጎኗ፣ በነጭ ቀለም፣ አንዲት ቁጥር፦
አራት። ሁሉም ዝም አለ፤ ቁራ ብቻ ሲናገር።

በዚህ አገር ቋንቋ «አራት» እና «ሞት» ድምፅ ይጋራሉ፤
አልጋ ሲቆጥሩ እንኳ ከሦስት ወደ አምስት የሚዘሉ አሉ።
የጀልባዎቹም ሰልፍ፣ እዚያ ማዶ፣ ከዳሱ ሥር ሲታይ፣
ሦስት አለች፤ አጠገቧ አምስት፤
ምንም የጎደለ አይመስል ለሚያይ።

ወይዘሮ ያሱኤ ኩዜ፣ የጀልባ ቤቱ ወራሽ፣ በሰማንያ ሦስት ዓመት፣
ምርኩዛቸውን ተክለው፣ ጓንታቸውን አውልቀው ዳሰሷት።
«የአባቴ እጅ ነው» አሉ። «አባቴ እልኸኛ ነበሩ፤
‹ቁጥር ጥርስ የለውም› ብለው ሳይዘሉ ቆጠሩ።
ደፍሮ የተከራያት አንድ ሰው ነው፤ ኒሺዋኪ፣ ፖስተኛ፤
ሐሙስ ሐሙስ፣ ቦርሳው ባዶ፣ ከሥራ በኋላ፣ ብቸኛ።
‹አራትን› ይላል። እስከ መሀል ቀዝፎ፣ መቅዘፊያውን አንሥቶ፣
ሩዙን ከሣጥኑ ይበላል፤ ይሄዳል ሒሳቡን ሰጥቶ።
ሌላ ነገር የለም።

በበረዶ ወራት ወንድሜ ታመመ። እናቴ አንድ ሌሊት
የወጥ ቤቱን ድንጋይ በጉያዋ አመላልሳ ጫነችባት።
ያን ዓመት ፍጅሉ አልጎመዘዘም። ወንድሜ ዳነ።
አባቴ አልጠየቁም። ብቻ እስኪሞቱ፣
ሲቆጥሩ፣ ከሦስት በኋላ
ምራቃቸውን ይውጡ ነበር።»

«ፖስተኛውስ?»

«ሐሙስ መጣ። ውሃውን አየ። ዳር ላይ ቆሞ በላ።»

በተሰባበረ ጃፓንኛዬ፣ እጄን እያወራጨሁ፣
ላጽናና ነው ወይስ ላወራ፣ እኔም ሳላውቀው ጀመርሁ፦
«በእኔ ቋንቋ» አልኳቸው፣ «አራት የሞት ዘመድ አይደለች፤
ፊደሏ አንገቷን ሰበር ስታደርግ፣ እራት ትሆናለች።
የማታ ማዕድ።»

ወይዘሮ ኩዜ ቁጥሯን አዩ።
ጭቃ የነካ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤
ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤
ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ለየሁት አልልም።
«እንግዲያው» አሉ ቆይተው፣
«ኒሺዋኪ ያንተን ቋንቋ ያውቅ ነበር።»

የባንኩ ጸሐፊ መዝገብ ይዞ መጣ፣ እርሳሱን በምላሱ አርሶ፤
«ጀልባ፣ አንድ» ብሎ ጻፈ።
«ባለቤት?»
«አለ» አሉት።

ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ከአሥራ አንዱ ድንጋይ አንዱን መረጡ፣
በመሐረብ ጠቀለሉት፣
ምርኩዝ ባልያዘው እጃቸው አቅፈውት ወደ ቤት ሄዱ፤
የፍጅል ወር ነበር።

እኔም ኩሬውን ሳላይ ተመለስኩ።